የዳማው ባልዲ

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ክፉ ልማድ ይይዘዋል፤ ጤነኛ ሰው ሲያይ አያምንም። እኔን ይህ ልማድ ከያዘኝ ቆይቷል። መካነ ሰላም ከተማ ከመደርደሪያዬ ኋላ ቆሜ ስውል፣ በመስኮቱ ሰላም ብሎኝ የሚያልፈውን ሰው ዓይኑ ቢጫ መሆኑን፣ ከንፈሩ መንጣቱን፣ አረማመዱ መክበዱን አይቼ ነው ሰላምታውን የምመልስለት። እናቴ በዚህ የተነሣ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ትታለች። «አንቺ ሰው ባየሽ ቁጥር በሽታ ታወጪለታለሽ፤ እኔ ደግሞ ሽንኩርት ነው የምፈልገው» ትለኛለች።

ስለዚህ አንድ የጥር ቀን የአባቴን ፈረስ አይቼ «ይሄ ፈረስ ከስቷል» ባልኩ ጊዜ ቤት ውስጥ ማንም አልደነገጠም። የደነገጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ቄስ ናቸው። የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ወዲያ፣ ሜዳው አልቆ መሬቱ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። በጤነኛ ጉልበት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ የአባቴ ጉልበት ግን ጤነኛ አይደለም። ይህን በሽታ እኔ አላወጣሁትም፣ ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት። አፋፉ ድረስ የሚያደርሳቸው ዳማው ነው። ሌላ ስም የለውም፤ ቀለሙ ቀላ ያለ ዳማ ስለሆነ ዳማው እንለዋለን፣ እሱም ሲጠሩት ጆሮውን ያቆማል። ዳማው ከሌለ አባቴ ቤተ ክርስቲያናቸው አይደርሱም። ቤተ ክርስቲያናቸው ካልደረሱ ደግሞ ምን እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም ነበር። የፈረሱን ጎድን ስቆጥር ልቤ የራደው ለዚህ ነው።

ለመቁጠር የበቃሁት በስልኬ ምክንያት ነው። አንድ ምሽት ቪዲዮ ሳገላብጥ፣ ከሚያብረቀርቅ ፈረስ አጠገብ የቆመች ሴት መጣችብኝ። ቋንቋዋን በግማሽ ነው የሰማሁት፤ ግን ባልዲ ከፍታ ዱቄት ስትሰፍር፣ ፈረሱም አንገቱን ሲሰብቅ፣ ጋማው በነፋስ ሲወዛወዝ ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። በማግስቱ ወላጆቼ ቤት ሄድኩና ዳማውን አየሁት። ጠጉሩ አቧራ የጠጣ የበጋ ጠጉር ነው። ጎድኑ ከፈለጉ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ፈለግኩ።

«ጥር ነው» አሉ አባቴ። «ሣሩ ሲደርቅ ይከሳል፣ ሣሩ ሲለመልም ይመለስለታል። አንቺ ሳትወለጂም ፈረስ እንዲሁ ነበር።»

«የጎደለበት ነገር ቢኖር ነው እንጂ አባዬ።»

«ምን?»

ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። «ቫይታሚን» አልኩ። የመድኃኒት ቤት ሰው መልስ ሲጠፋው የሚላት ቃል ናት።

አባቴ ከእኔ ጋር መከራከር ጉልበት እንደሚጨርስ ስለሚያውቁ ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን ፈቃድ አድርጌ አዲስ አበባ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እሱ አፈላልጎ ባልዲውን አገኘልኝ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በአንድ ፍራሽና በሁለት ጆንያ መካከል ታስሮ መጣ። ነጭ ባልዲ ነው፤ ጎኑ ላይ አቧራ የሚባል ነገር ገጥሞት የማያውቅ ፈረስ ታትሟል። ውስጡ ቡናማ ዱቄት አለ፤ ጣፈጥ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል ሽታ አለው። ከዱቄቱ ላይ ትንሽ መስፈሪያ ተቀምጣለች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይላል። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ባልዲውን አቅፌ በዋናው መንገድ መሃል ለመሃል ሄድኩ። ሰው ሁሉ ምንድነው ሲለኝ «የፈረስ ነው» እያልኩ ነው የማልፈው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቤት ስደርስ የነነዌ ጾም ነበር። አባቴ በዚያች ሦስት ቀን የማይለቁት ልማድ አላቸው። በነነዌ ሰው ብቻ ሳይሆን እንስሳም ጾሟል ይሉና፣ ዳማውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድርቆሽ አያቀርቡለትም። ራሳቸውም ሳይቀምሱ ከጎኑ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ያን ቀንም እንዲያ ሆነው አገኘኋቸው። ጎረቤታችን ሐጂ በአጥሩ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ይመለከታሉ። ሐጂና አባቴ አጥር ከተጋሩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ አጥሩም ለወሬ እንዲመች ከመሃሉ ዝቅ ብሏል።

«መምሬ» አሉ ሐጂ፣ «ፈረሱም እንደርሶ ይጾማል?»

«ይጾማል እንጂ» አሉ አባቴ ከዳዊቱ ቀና ሳይሉ።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። ዳማውን ትንሽ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ዶሮዎቻቸው ተመለሱ።

እኔ ባልዲውን ከፍቼ ማስረዳት ጀመርኩ። አባቴ አንድ ጊዜ አሸተቱት፣ አፍንጫቸውን ያዝ አደረጉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ባልዲውን ከእጄ ወሰዱ። «እኔው እሰጠዋለሁ» አሉ። «ዳማው ከእኔ እጅ ሌላ አይበላም።» ይህ በቤታችን የታወቀ ነገር ነበር። አባቴ በሦስት ነገር ይኮራሉ፤ በድምፃቸው፣ በጥምጥማቸውና ዳማው ከእርሳቸው እጅ በቀር የማንንም እጅ ባለመቀበሉ።

እኔ ግን በዚህ አላበቃሁም። ዱቄቱ ሥጋ እንዲሆነው ፈረሱ ማረፍ አለበት ብዬ ወሰንኩና ዳማውን ሥራ አስፈታሁት። አባቴን በኪራይ ሞተር ላይ ከኋላ አፈናጠጥኳቸው። ጥምጥማቸውን አስረው፣ ጃንጥላቸውን ታቅፈው፣ ባለሞተሩን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ሲሄዱ ሳይ ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር። ሞተሩም ቢሆን የሚያደርሳቸው ከአፋፉ በፊት እስካለው አቀበት ነው፤ ከዚያ ላይ ያለውን በምርኩዝ ይወጡታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያ በጥቁር መረሬ አፈር ጭቃ ሞተር ቀርቶ ትራክተርም አይሄድ።

«እንዴት ነው ሞተሩ አባዬ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ፈጣን ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ግን ሲሄድ አያስብም» አሉኝ።

ሁዳዴ ገባ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ረመዳንም ገባ። እኛ ሰፈር በአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ ሁሉም ጾመኛ ሆነ። ዳማው ግን ቀን በቀን ያምርበት ጀመር። ጎድኑ ጠፋ። ጠጉሩ አብረቀረቀ። ዳሌው ላይ ውሃ ቢያፈሱ የሚቆም እስኪመስል ተደላደለ። እኔ በየሳምንቱ ፎቶ እያነሳሁ ለአክስቴ ልጅ እልካለሁ፤ ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣውን ገበሬ ሁሉ ስልኬን እያሳየሁ አስቸግራለሁ። ራስ ምታት ብሎ የመጣ ሰው የፈረስ ፎቶ አይቶ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን በእውነት ደስተኛ ነበርኩ፤ አንድ ነገር አይቼ፣ በሽታውን አውቄ፣ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ደስታ የበዛላቸው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሐጂም በዶሮዎቻቸው እየተደሰቱ ነበር። «ወላሂ ልጄ፣ ዘንድሮ እነዚህ ዶሮዎች ምን እንደነካቸው እንጃ! ከመጣል በቀር ሥራ የላቸውም። ጀሊሉ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ይሉኛል። እንቁላሉንም በትንሽ ቅርጫት እየያዙ «ለፋሲካችሁ አስቀምጡት» ብለው ለእናቴ ይሰጣሉ። አውራ ዶሯቸው ከመወፈሩ የተነሣ አጥሩ ላይ መውጣት ትቶ መሬት ላይ ቆሞ ነበር የሚጮኸው። እኔ ይህን ሁሉ አየሁ፤ በሽታ ካልሆነ ግን ነገር አይታየኝምና አለፍኩት።

የደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለሞተሩ ሳይመጣ ቀረ። አባቴ ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ፣ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ፊታቸው በራ። ራሳቸው ኮርቻውን አውጥተው ጫኑ፣ ነጭ በነጭ ለበሱ፣ ጃንጥላቸውን ያዙና ዳማው ላይ ወጡ። ዳማው መጀመሪያ ባለበት ረገጠ። ቀጥሎ የግቢውን በር ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየሁት እኔ ነኝ።

የመድኃኒት ቤቱን መዝጊያ ገና ከፍቼ ሳልጨርስ አንድ ነጭ ነገር በመስኮቱ ሽው አለ። ጃንጥላ እንዳለው ለየሁ፤ አባቴ መሆናቸውን ግን ዓይኔ እምቢ አለ። ወደ ውጭ ስወጣ ኮብልስቶኑን የሚመታው የኮቴ ድምፅ ወደ ታች እየራቀ ነው። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ዳማው ታች ያለውን አደባባይ ዞሮ ሽቅብ ይመጣል፤ ጋማው እንደዚያች ሴትዮ ፈረስ ጋማ ይወዛወዛል። አባቴ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በሁለተኛው ሲያልፉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ከዚያ በጭድ ተራው በኩል ታጠፉና ከዓይኔ ጠፉ።

ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ። ስደርስ አባቴ ከአንድ ትልቅ የጭድ ክምር አናት ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸው ንቅንቅ አላለም። ጃንጥላቸው ተከፍቷል። ዳማው የጣላቸው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ መጥቶ ከጎናቸው ጭዱን ይበላል።

«ደህና ነኝ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ጉልበቴ እንኳ አልተንቋቋም።»

ጭድ ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆይታ «መምሬ፣ ጭዴን ባረኩልኝ፤ ዛሬ ሳይመሽ ያልቅልኛል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አባቴን ደግፌ እያወረድኩ ሳቅኩ፤ በጣም ሳቅኩ። መድኃኒት ቤት ተመልሼ ስቀመጥ ግን የራሴን የደም ግፊት ለካሁ። ያየሁት ቁጥር የሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ቤት ሂድ እለው ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ፈረደች። «ዛሬ ጭድ ላይ ነው የጣለዎት፤ ነገ ገደል ላይ ነው። ይሸጥ» አለች። እኔም «ይሸጥ» አልኩ። አባቴ ትንሽ ይከራከራሉ ብለን ጠበቅን። «እሺ» አሉ። አንድ ቃል ብቻ። ዕድሜዬን ሙሉ እሺ እንዲሉኝ ስለምናቸው የኖርኩ ሰው፣ ያን እሺ መልሰው እንዲወስዱት ልለምናቸው ቃጣኝ።

ሰኞ አባቴ ኮርቻውን በቅባት ያሹ ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ አሹት። «ለሚገዛው ሰው ጨምሩለት፤ ዳማው ሌላ ኮርቻ ይቆረቁረዋል» አሉ። አፋፉ ላይ ካሉት ቄሶች አንዱ ሊጠይቃቸው መጣ፤ እርሳቸውም መቋሚያቸውን አውጥተው ሰጡት። «እዚያው ቢሆን ይሻላል፤ እኔ እቤት ምን ያደርግልኛል» ሲሉ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጥጋቡ የፈረሱ ነው ተባለ፤ ጥፋቱ የፈረሱ ነው ተባለ። እኔ ግን ማን እንዳጠገበው አውቃለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጌ፣ በአንድ ባልዲ ዱቄት የአባቴን እግር እየቆረጥኩ ነበር። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ባዶ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ባልዲ ይዤ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ አብረን ነው የተማርነው። ባልዲው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበና ቀና አለ።

«ፈረሱ ምኑን ነበር የሚያመው?»

«ምኑንም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ሰጠሽው? አንቺስ ጤነኛ ሰው መጥቶ መድኃኒት ስጪኝ ቢልሽ ትሰጪዋለሽ?»

«ቫይታሚን እሰጠዋለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው።

ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ በደንብ አስረዳኝ። ያረጀና ጥርሱ ያለቀ፣ የታመመ፣ የምታጠባ ባዝራ ወይም ለውድድር የሚሮጥ ፈረስ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነው አለኝ። «የአባትሽ ፈረስ ግን ጤነኛ ነው። በቂ ሣር ወይ ድርቆሽ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የሚልሰው ጨው፣ መጠነኛ ሥራ ካለው ይበቃዋል። በበጋ ትንሽ ቢከሳ፣ በበጋ ማን የማይከሳ አለ? እንደውም ለሱ የጎደለው ሥራ ነው፤ አንቺ ነሽ ያስቀረሽበት።»

«እንግዲያ ዱቄቱ ነው ያሳበደው?»

«ዱቄቱ ብቻውን እንዲህ አያደርገውም» አለ መስፈሪያዋን እያገላበጠ። «ይቺ ምን አላት? ሌላ ምን ይበላል?»

«ምንም። ከአባቴ እጅ ሌላ አይቀበልም።»

«እንስሳ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ይለኛል» ብሎ ወደ ምሳው ተመለሰ።

ዳማውን እንዲያይ የተላከበት የአጅባር ከተማ ነጋዴ የመጣው በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ በኢድ ማግስት ነው። ፈረስ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ነው። የዳማውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ። ኮቴውን አነሣ። ከዚያ መዳፉን በጎድኑ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ፣ መለሰ፣ እንደገና አስኬደ። ግቢው ውስጥ አባቴ፣ እናቴና እኔ ቆመናል፤ ሐጂም በአጥሩ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈዋል። አባቴ ፈረሱን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያዩት።

«መምሬ» አለ ነጋዴው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ለገበያ የተቀለበ ፈረስ አልወድም፤ ቤት ሳይደርስ ይከሳል። አሁን በሰማይ ጠብታ በሌለበት፣ ሣር በጠፋበት፣ ይሄ እንዲህ የሆነው ምን አብልታችሁት ነው?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔን ግን ሲበላኝ ሰንብቷል። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ከአዲስ አበባ የመጣ ዱቄት ነው። ጠዋት አንድ ማታ አንድ መስፈሪያ። አባዬን የጣልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ ፈረሱ አይደለም።» ይህን ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባቴ ከመሬቱ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ቅልስልስ አለ። «ልጄ፣ አታልቅሺ» አሉ። «ዳማው ከዚያ ዱቄት አንዲት መስፈሪያ አልቀመሰም።»

«እንዴት አልቀመሰም?»

«ወተት ይሸታል። ዳማው ደግሞ በልቶ ሲያበቃ እጄን ይልሳል። በዚያው እጄ ሰው መስቀል ይሳለማል። ነነዌ እስኪያልፍ ብዬ ተውኩት፤ ነነዌ ሲያልፍ ልምድ ሆነ፤ ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አንቺን ደግሞ ላስከፋሽ አልፈለግኩም። ስለዚህ…» ብለው በአገጫቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ፣ «ጠዋትም ማታም ልክ እንዳልሽው እየሰፈርኩ ለሐጂ ዶሮዎች በተንኳቸው።»

ሐጂ ወደ ዶሮዎቻቸው ዞሩ፣ ወደ አባቴ ዞሩ። «ኧረ በአላህ መምሬ! እኔ እኮ ስለ ዶሮዎቹ ለጀሊሉ ሹክር ሳደርስ ነው የከረምኩት።» ሳቃቸው ሲመጣ አጥሩ ተነቃነቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ አላለቀላቸውም፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አውፍ በሉኝ፤ እኔም የምናገረው አለኝ። መምሬ ፈረሱ ይጾማል ሲሉኝ ጊዜ አዘንኩለት። ጾመኛን ማስፈጠር አላህ ዘንድ አጅር፣ ዋጋ አለው ብዬ፣ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲል ሦስት ተምርና አንድ ጭብጥ ንፍሮ በአጥሩ እያሾለኩ ሳስፈጥረው ነበር። ጭብጡም እያደር ጣሳ ሆነ። ረመዳን ሲወጣ ላቁም ብል የእናንተ ሁዳዴ አልወጣ። በመሃል መንገድ እንዴት ልተወው?»

«ከእርስዎ እጅ በላ?» አሉ አባቴ። ያን ጊዜ የተሰማቸው ቅናት ፊታቸው ላይ ነበር።

«ወላሂ ጣቴን ሊበላኝ ነበር።»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን፤ ማንም አልጠየቃትም ነበር። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ዱቄት ብቻውን ሆድ ይሞላል? አንድ ጣሳ ገብስ ነው። ጠዋት ጠዋት። አንዳንዴ ሁለት።» አባቴ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ከሌላ ሰው እጅ አይበላም የተባለው ፈረስ፣ ጠዋት ገብስ፣ ማታ ንፍሮ በተምር፣ በመካከሉ ድርቆሹን እየበላ፣ ያለ አንድ ቀን ሥራ አርባ ምናምን ቀን ተቀምጦ ከርሟል። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ከነበርነው ሁሉ ያልጾመ እሱ ብቻ ነበር።

ነጋዴው አንዳችንን ካንዳችን እያየ ከቆየ በኋላ ዱላውን አነሣ። «እኔ ፈረስ ልገዛ ነው የመጣሁት» አለ። «ይሄ የአራት ሰው ልጅ ነው። አጅባር ወስጄው ማን ተምር ያበላዋል?» ብሎ አባቴን ተሳልሞ ሄደ። ከኋላው የተነሣው ሳቅ ዋናው መንገድ ድረስ ሳይከተለው አልቀረም። አባቴ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እኔም አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ፣ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። መሬት ላይ ተቀምጬ የዳማውን እግር አቅፌ እንደነበር እናቴ ዛሬም ታሳቅቀኛለች።

ስቀን ስቀን ስናበቃ እናቴ «እና ገደሉስ?» አለች። ሳቁ ቆመ። ጥያቄው የእውነት ነበር፤ ሆሳዕና የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

መልሱን ሐኪሙ ሰጥቶኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገብሱም፣ ንፍሮውም፣ ተምሩም ቀረ፤ ሐጂ ቅር እያላቸው አጥሩን ከፍ አደረጉት። ዳማው ድርቆሹን፣ ውሃውንና አሞሌ ጨዉን ይዞ ወደ ሥራ ተመለሰ። ቅጣቴን እኔው በራሴ ፈረድኩ፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት የሰፈሩን እህል ጭኜው ወፍጮ ቤት እስበዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባቴ ሜዳው ላይ ቀስ እያሉ ይጋልቡታል። በመጀመሪያው ቀን ወፍጮ ቤት እስክንደርስ እሱ ነበር እኔን የሚስበኝ። በአራተኛው ቀን አብረን ሄድን። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ጎድን ብቅ አለ። «አባዬ፣ አንድ ወጣ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሰው ቢሰማኝ ምን እንደሚለኝ አላሰብኩም። በየቀኑ እቆጥር ጀመር። ሦስት፣ አራት። በጥር ልቤን ያራደውን ጎድን፣ በመጋቢት እንደ ፈተና ውጤት ደስ እያለኝ ቆጠርኩት።

በሆሳዕና ጠዋት አባቴ ዳማው ላይ ወጡ። ባለበት አልረገጠም፤ እርሳቸው እስኪደላደሉ ቆሞ ጠበቃቸው። ሐጂ በግቢያቸው በር ላይ ቆመው «አብሽሩ መምሬ፣ ጀሊሉ ያግራልዎት» አሉ። ከእግራቸው ሥር ለዶሮዎቻቸው የተተወው ነጩ ባልዲ በጎኑ ተጋድሟል፤ አንዲት ወፍራም ዶሮ ውስጡ ገብታ ታቅፋለች፤ ከበላይዋ ያ አቧራ የማያውቀው ፈረስ ያብረቀርቃል። እናቴ እስከ በሩ ሸኘች። እኔ ግን ማመን ስላልሆነልኝ በእግሬ ተከተልኩ።

ሁለት ሰዓቱን ሙሉ ከኋላቸው ሄድኩ። ሜዳው ደርቋል፤ ነፋሱ ከዓባይ በኩል ይመጣል። እንደ ልማዴ ማየት ጀመርኩ። የዳማውን አረማመድ አየሁ፣ ኮቴውን አየሁ፣ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ከዚያ የአባቴን ትከሻ፣ አንገታቸውን፣ እርካቡ ውስጥ የገቡትን እግሮቻቸውን አየሁ። መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ በሚያልፍበት ቦታ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ዳማው ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ የሚረግጠውን እየመረጠ አለፈ። ሲሄድ ያስባል።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባቴ ወረዱ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ያ መቋሚያቸውን ወስዶ የነበረው ቄስ ከውስጥ ይዞት ወጣና መለሰላቸው። ዳማው ግራ እጃቸውን መላስ ጀመረ፤ እርሳቸውም ግራውን ለእሱ ትተው በቀኛቸው መስቀላቸውን አወጡና አሳለሙኝ። ቀና ስል ፊቴን እያዩኝ ነበር።

«እህ» አሉኝ፣ «መንገዱን ሙሉ ስታይን ነበር። ምን አገኘሽብን?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱንም አየኋቸው፤ የከሳውን ፈረስና ያረጁትን አባቴን።

«ምንም» አልኩ።